ቦሎው ያለፈ መኪና ግቢ ውስጥ ላቆማችሁ

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም የሚደውልልኝ ሰው ጥያቄው አንድ ነው። «መኪናው ከቆመ ቆየ፤ ቦሎው አልፏል። አሁን ባወጣው ስንት ይቀጡኛል?» ቦሎ የምንለው መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን ማለፉን የሚያሳየውን፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ነው። አንዳንዱ ቅጣቱን ፈርቶ ጭራሽ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ አይሄድም፤ ሸራ አልብሶ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ትራፊክ የሌለበትን ሰዓት እየጠበቀ፣ በጓሮ በጓሮ ያሽከረክራል። ሁለቱም ያሳስቡኛል። ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። እኛ አገር ቦሎ ያለፈበትን ሰው ሁሉ ዝንጉ ማለት ግፍ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ የጎጃም መንገድ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ነው የኖረው። ከዓባይ በረሃ ወዲህ ደጀን ብሎ፣ ሉማሜ ብሎ፣ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ቡሬ እያለ የሚሄደው መስመር ፀጥ ያለበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። የሞባይል ኢንተርኔቱም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ምርመራ የሚደረግበት ከተማ ለመድረስ መንገድ የሌለው ሰው፣ ቢፈልግስ እንዴት አድርጎ ነው ቦሎ የሚያድሰው?

የአጎቴ ልጅ፣ እኔ አያ ነው የምለው፣ አንድ አይሱዙ አለው። ከቡሬ አካባቢ በቆሎና በርበሬ ይጭናል። መንገዱ ሲዘጋ መኪናው ቆመ፤ በቆመበት ቦሎው አለፈ፤ ሦስተኛ ወገኑም፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው ኢንሹራንስ፣ አለፈ። በኋላ ሥራ ሊጀምር ሲነሳ የሰማው ወሬ ሁሉ የሚያስደነግጥ ነበር። አንዱ «ታርጋህን ይወስዱታል» ይለዋል፣ ሌላው «በየዓመቱ እያባዙ ነው የሚያስከፍሉህ» ይለዋል፣ ሦስተኛው «እኔ ጋ ስጠው፣ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ አስጨርስልሃለሁ» ይለዋል። ጉዳዩን አብሬው ተከታትያለሁ፤ የምጽፈውም ከዚያ የቀሰምኩትን ነው።

ሰው ሁሉ «ቅጣት» ሲል አንድ ሂሳብ ይመስለዋል። አይደለም። ቦሎን በጊዜው ባለማሳደስ ቢሮው የሚጠይቀው ክፍያ አለ። መንገድ ላይ ትራፊክ ሲይዝ የሚጽፈው ክስ ደግሞ ሌላ ነው። ከዚህ በፊት ተጽፎ ያልተከፈለ ክስ ካለ እሱም ለብቻው ይጠብቃል። የንግድ መኪና ከሆነ የግብር ጉዳይ ይከተላል፤ ግብር መከፈሉን የሚያረጋግጠው ወረቀት፣ ክሊራንሱ፣ ካልመጣ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። አያ በጣም የፈራው ሁሉንም ደምሮ አንድ ትልቅ ዕዳ አድርጎ ስላሰበው ነው። ለያይተን ስንጠይቅ ግማሹ ፍርሃት ወሬ ሆኖ ተገኘ። መኪናው ግቢ ውስጥ ስለቆመ የመንገድ ክስ አልተጻፈበትም፤ መቼም ያልሄደ መኪና መንገድ ላይ አይያዝም። ከድሮ የቀሩ ሁለት ክሶች ግን ተገኙ። እነሱን ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ስለዚህ ቢሮ ስትሄዱ «ስንት ነው ቅጣቴ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በዚህ ታርጋ ላይ ምን ምን አለ? ለየብቻው ንገሩኝ» በሉ። የእያንዳንዱን ምክንያት፣ የትኛውን ዓመት እንደሚመለከት፣ በየትኛው መመሪያ እንደተሰላ ጠይቁ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት መስኮት ላይ አንድ ጥቅል ቁጥር ብቻ ተነገረን፤ የምን እንደሆነ የሚያስረዳ ጠፋ። አያ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከቶ ነበር። ቆይ ብዬ ኃላፊው ጋ ገባንና ዝርዝሩ በወረቀት ይውጣልን አልን። ሲወጣ የመኪናው ያልሆነ ክስ ተቀላቅሎበት ተገኘ፤ በታርጋ ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ተሳስቶ የሌላ ሰው ነገር እኛ ላይ ተመዝግቧል። ዝርዝር ባንጠይቅ ኖሮ ከፍለን እንሄድ ነበር። ገበሬውን፣ ሹፌሩን፣ ቢሮ ገብቶ መናገር የሚያፍረውን ሰው ሳስብ ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል። የተከፈለበትን ምክንያት ማወቅ የከፋዩ መብት ነው፤ ደረሰኝም እንደዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቦሎ ከማሰባችሁ በፊት ሦስተኛ ወገን ግዙ። በቅደም ተከተልም ይኸው ነው የሚቀድመው፤ ያለ ኢንሹራንስ ቦሎ የለም። ግን እኔ የምለው ለቅደም ተከተሉ ብዬ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ማሽከርከር አይችልም። አዋጁ ያለ ነገር አልወጣም። እዚያው ከማርቆስ እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ላይ ስንት እግረኛ፣ ስንት አህያ ነጂ፣ ስንት ተማሪ እንዳለ አስቡት። ሰው ብትገጩ ቦሎው የሚያስቀጣችሁ ገንዘብ ትዝም አይላችሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 አንብቡት። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ብሎ መሸሽ የለም። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሰው ሲጎዳ ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ በመንግሥት ተቋቁሟል፤ ለተጎጂው ትልቅ ነገር ነው። ባለመኪናው ግን በዚያ ነፃ አይወጣም፤ ፈንዱ የከፈለውን ዞሮ ከሱ ይጠይቃል። በጓሮ በጓሮ የሚያሽከረክረው ወንድሜ፣ እባክህ ይህን አስብ። ትራፊኩን ብታመልጠውም የገጨኸውን ሰው ቤተሰብ አታመልጥም፤ ቤትህን እንኳ ይዞ የሚሄድ ዕዳ ነው።

በስማቸው ያልተዛወረ መኪና የያዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። እኛ ጋ መኪና በውክልና ገዝቶ ስም ሳያዛውር ለዓመታት የሚነዳ ብዙ ነው። ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ላይ ያለው ስም የድሮው ሰው ነው። ሻጩ ከአዲስ አበባ ሆኖ ረስቶታል፤ ፋይሉም እዚያው ነው። ቦሎ ሲያልፍ ይህ ሁሉ ነገር አብሮ ይጎተታል። ሻጭ ከሆናችሁ ተነስታችሁ አዛውሩ፤ ስማችሁ ባለበት መኪና ሰው ቢጎዳ የሚጠሩት እናንተን ነው። ገዢ ከሆናችሁ ሻጩ በሕይወት እያለና ስልኩን እያነሳ ጨርሱት።

ምርመራውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ረጅም ጊዜ የቆመ መኪና እንዲሁ ተነስቶ ምርመራ አያልፍም። የጎጃም ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባትሪ ይሞታል፣ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ፍሬን ይይዛል፣ አይጥ ሽቦ ይበላል። መጀመሪያ መካኒክ አምጡና ባለበት አሳዩት። መርማሪዎቹ መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ጭሱን ያያሉ፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙንም ያያሉ። ዝገት የሻንሲ ቁጥሩን ሸፍኖት ከሆነ በጥንቃቄ አጽዱት፤ እንዳትፍቁት ብቻ፣ ከተፋቀ ሌላ መዘዝ ነው። እሳት ማጥፊያውና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑም አይረሱ።

ከግቢ ከማውጣታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮው ድረስ በእግራችሁ ሂዱና ተናገሩ። «ቦሎው አልፏል፣ ለምርመራ ላመጣው ነው፣ በምን ሁኔታ ላምጣ?» በሉ። የሚሰጡት ወረቀት ካለ ተቀበሉ፤ ከሌለ በሌላ መኪና ማስጎተት ወይ ማስጫን ይሻላል። መንገድ ላይ ትራፊክ ቢያስቆማችሁ አትጨቃጨቁ። ሊብሬውን፣ አዲሱን ሦስተኛ ወገን፣ የምርመራ ቀጠሮውን አሳዩ። ታርጋ ቢፈታም፣ መንጃ ፈቃድ ቢያዝም፣ የክስ ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትለዩ። እሱን ይዛችሁ በጊዜው ክፈሉ፤ ክስ ሲያድር ቅጣት ላይ ቅጣት ይጨመርበታል።

«መኪናው ሳይወጣ ቦሎ አስመጣለሁ» ለሚለው ደላላ ግን ሰላም ብላችሁ እለፉት። ያልታየ ፍሬን ዓባይ በረሃ ላይ ምን እንደሚያደርግ የጎጃም ሹፌር ይነገረኝ አይልም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና፣ ወረቀቱ ምንም ቢል ፍሬኑ ነው የሚያድነው። ደግሞ በመዝገብ ላይ ያልተመዘገበ ቦሎ ሲጣራ ይታወቃል፤ ያኔ ነገሩ የመዘግየት መሆኑ ቀርቶ የሐሰት ሰነድ ወንጀል ይሆናል።

መንገድ ተዘግቶ የዘገያችሁ ሰዎች ማመልከቻ ጻፉ። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። መኪናው ከመቼ እስከ መቼ የት እንደቆመ ከቀበሌ ደብዳቤ አጻፍን። ከማቆሚያው ባለቤትና ከጋራዡ የተሰጠ ወረቀትም አያያዝን። የመጨረሻው የጭነት ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን ራሱ ይመሰክራል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራም። ማመልከቻው አጭር ይሁን። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደዘገየ፣ ምን እንደምትፈልጉ። አንድ ቅጂ ተቀባዩ ማህተም አድርጎበት እናንተ ጋ ይቅር፤ አለበለዚያ ነገ «አልደረሰንም» ቢባል ምንም መያዣ የላችሁም።

ለቢሮዎቹም የምለው አለኝ። መንገድ ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት የዘገየ ሰውና በሰላሙ ጊዜ የዘገየ ሰው እኩል ሊታዩ አይገባም። ይህ ምሕረት መለመን አይደለም፤ ባለመኪናው ማድረግ በማይችለው ነገር እንዳይቀጣ መጠየቅ ነው። ተመኑን በራችሁ ላይ ለጥፉት። መርማሪ ወደ ወረዳው የሚመጣበት ቀን መድቡ። ሰው በፍርሃት መኪናውን በደበቀ ቁጥር ያልተመረመረና ኢንሹራንስ የሌለው መኪና መንገድ ላይ ይበዛል፤ የሚጎዳው ደግሞ እግረኛው ነው።

ባጃጅ ላይ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት መስታወቱ ላይ ያለውን ቦሎና ሦስተኛ ወገን ቀኑን እዩ። ያለፈበት ከሆነ ባለቤቱ ያድስ። «ከተያዝክ እኔ እከፍላለሁ» የሚል የቃል ተስፋ አትቀበሉ፤ ክሱ የሚጻፈው መሪ ላይ ባለው ሰው መንጃ ፈቃድ ነው።

የአያ አይሱዙ ምርመራውን አልፎ ቦሎው ተለጥፎለታል፤ አሁን ከቡሬ መጫን ጀምሯል። ከድሮ ከቀሩት ሁለት ክሶች አንዱን ከፍለን ደረሰኙን ይዘናል። ሁለተኛው ተከፍሎ የነበረ ነው፤ አሮጌው ደረሰኝ በሊብሬው ልባስ ውስጥ ተገኝቷል። ከመዝገብ ይሰረዝልን ብለን አስገብተናል፤ መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።