ሰባኪውን ማን ላከው? በሰሜን ሸዋ አጥቢያዎች ስለ ስብከተ ወንጌል

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ጠበል ቀምሶ ሲወጣ በዐውደ ምሕረቱ የሚቆመው ሰው በማን ሥልጣን ነው የሚናገረው? በመንዝም ሆነ በቡልጋ፣ በተጉለትም ሆነ በሞረት ያለ ሰበካ ጉባኤ ሰባኪ ከመጋበዙ በፊት ይህን ሊመልስ ይገባዋል።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ራሱ ሥልጣን ነው፦ «ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ፤ እንግዲህ ሂዱ» (ማቴ. 28፥18-19)። ሥልጣኑ የላኪው ነው፤ ተላኪው የያዘው አደራ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም «ካልተላኩ እንዴት ይሰብካሉ?» ይላል (ሮሜ 10፥15)። መላኩ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ፊት የሚታይ ነው። በአንጾኪያ መንፈስ ቅዱስ ራሱ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ብሎ እያለ እንኳ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ነው ያሰናበቷቸው (ሐዋ. 13፥2-3)።

የሸዋ ምድር ወንጌልን የሰማው በዚሁ ሥርዓት ነው። በቡልጋ ዞረሬ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት «ሐዲስ ሐዋርያ» ቢባሉም ክህነታቸውን የተቀበሉት ከጳጳስ እጅ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጳጳሱ በአቡነ ያዕቆብና በደብረ ሊባኖሱ በአቡነ ፊልጶስ ዘመን፣ ሀገሩ ለዐሥራ ሁለት ንቡራነ እድ (እጅ ተጭኖባቸው ለተሾሙ መምህራን) ተከፋፍሎ እያንዳንዳቸው የሚያስተምሩበት ድርሻ ተሰጣቸው። በተጉለት ደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረገው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ካህናት በሰንበታት ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ያዝዝ ነበር።

ዛሬ የመላኩ ምልክት ክህነቱ ወይም ከሀገረ ስብከቱ፣ ከወረዳ ቤተ ክህነቱ የተሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን መጠየቅ እንግዳን ማዋረድ አይደለም። ይሁንና ወረቀት ብቻውን አይበቃም። «እኛ ብንሆን ወይም ከሰማይ መልአክ» ሌላ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ተብሏልና (ገላ. 1፥8) ሁለተኛው መመዘኛ የያዘው ቃል ነው። ጳውሎስ የተቀበለውን ሲያስረክብ ከሁሉ አስቀድሞ የሰጠው ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ የሚለውን ነው (1ቆሮ. 15፥3-4)። ይህ ያልተነገረበት ትምህርት፣ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ስብከተ ወንጌል ነው ለማለት እቸገራለሁ።

የስብከት ዓላማው የት እንደሚያደርስ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ጴጥሮስ በበዓለ ኀምሳ ሲሰብክ ሰሚዎቹ «ምን እናድርግ?» አሉ፤ መልሱ ንስሐና ጥምቀት ነበር፤ ከዚያም በትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራውን በመቍረስና በጸሎት ጸኑ (ሐዋ. 2፥37-42)። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ከኢሳይያስ መጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ውኃው ደረሰ (ሐዋ. 8፥26-39)። ስብከቱ ሰሚውን ወደ ንስሐ አባቱ፣ ከዚያም ወደ ሥጋ ወደሙ ካልመራው መንገድ ላይ ጥሎታል።

ዝግጅቱ የየዕለቱን ንባብ ከሚያመለክተው መጽሐፍ፣ ከግጻዌ ይጀምራል። ርእስ መፈለግ አያስፈልግም፤ የዕለቱ ንባብ ርእሱን ይዞ ይመጣል። የዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሰንበት ገብር ኄርን («በጎ አገልጋይ») እንይ። ዲያቆኑ ከ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ከ1ኛ ጴጥሮስ 5፣ ንፍቁ ካህን ከሐዋርያት ሥራ 1 ያነባሉ፤ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ምስባክ «ከመ እንግር ፈቃደከ መከርኩ አምላኪየ፤ ወሕግከኒ በማዕከለ ከርሥየ፤ ዜነውኩ ጽድቀከ በማኅበር ዐቢይ» (አምላኬ ሆይ፣ ፈቃድህን እናገር ዘንድ መከርሁ፤ ሕግህም በሆዴ ውስጥ ነው፤ ጽድቅህን በታላቅ ጉባኤ ነገርሁ) ነው፤ ወንጌሉ የመክሊቱ ምሳሌ፣ ማቴ. 25 ከቍጥር 14 ጀምሮ። አራቱን ንባብ ከምስባኩ ጋር ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ክር ያገኛል፦ «ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ»፣ «መንጋ ጠብቁ»፣ «ምስክሮቼ ትሆናላችሁ»፣ በጉባኤ ጽድቅን መናገር፣ በመጨረሻም መክሊቱን ፈርቶ የቀበረው ባሪያ። ቀኑ ራሱ ስለ ሰባኪው አደራ ይናገራል።

ከሰኞ ጀምሮ ንባቡን ከነአንድምታው (ከአባቶች ትርጓሜው ጋር) ማየት፤ ረቡዕ ላይ ከመካከሉ አንድ ኃይለ ቃል መምረጥ፤ ለምሳሌ «ፈራሁም፥ ሄጄም መክሊትህን በምድር ቀበርሁት»። ቀጥሎ ሦስት ነገር በአጭሩ መጻፍ፦ ቃሉ በዚያ ቦታ ምን ይላል፣ በክርስቶስ እንዴት ይፈጸማል፣ የዛሬው ሰሚ ምን ያድርግ። ሦስተኛው ላይ ብዙዎች ይደክማሉ። «መክሊታችንን እናትርፍ» ብሎ መተው ለማንም አይደርስም። አባት ማታ ከልጆቹ ጋር ይጸልይ፤ ፊደል የቆጠረ ላልቆጠረው ጎረቤቱ ወንጌል ያንብብለት፤ ከንስሐ አባቱ የራቀ በዚህ ሳምንት ይሂድ። ይህ ይያዛል። ሌላ ጥቅስ ቢጨመር ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጥ፤ ዐሥራ አምስት ጥቅስ የሰማ ገበሬ አንዱንም ይዞ ቤቱ አይገባም። ግእዙ ሲጠቀስ ትርጉሙ ወዲያው ይከተል። በሰላሌ በኩል ሰሚው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ ትምህርቱ በኦሮምኛ ይሰጥ፤ በበዓለ ኀምሳ በኢየሩሳሌምም እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ነው የሰማው።

ጊዜው ከ20 ደቂቃ ባያልፍ እመክራለሁ። ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል፣ እህል አልቀመሰም፤ የሚያጠቡ እናቶችና አረጋውያን አሉ፤ በደብረ ብርሃን አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ አያስቆምም።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በንግሥ ቀን ነው። ታቦቱ ዑደት አድርጎ ቆሞ ሳለ ሰባኪው በእልልታው ይወሰድና የእልልታውን ቦታ እየፈለገ ይናገራል፤ ቃሉም ወደ ጭብጨባው ያዘነብላል። «ክርስቶስ ኢየሱስን ጌታ እንደ ሆነ እንጂ ራሳችንን አንሰብክምና» (2ቆሮ. 4፥5) የተጻፈው ለዚህ ነው። የቅዱሱ ተአምር ብቻ ተነግሮ ቅዱሱ ያመነው ክርስቶስ ሳይነሣ ይቀራል። ለሕንፃ የሚሰበሰበው ገንዘብም ስብከቱ መካከል ይገባል፤ ያን ጊዜ ሰሚው ልቡን መመርመር ትቶ ኪሱን ያስባል። ልመናው ተገቢ ነው፤ ግን ተለይቶ ይቁም፣ በሌላ ሰው አፍ ይነገር። የሌላውን እምነት መስደብና የፖለቲካ ወገን መያዝም ከተላከበት ቃል መውጣት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአጥቢያው ካህን ዝምታ ነው። ከሩቅ የተጠራ ሰባኪ በዓመት አንድ ቀን አስተምሮ ይሄዳል፤ የቀሩት ሰንበታት ባዶ ናቸው። የሐዋርያት ቀኖና ሕዝቡን ከማስተማር ቸል ያለውን ካህን ይቀጣል። የንስሐ ልጆቹን ኀዘንና ጠብ የሚያውቀው፣ ሥልጣኑንም በእጁ የያዘው እርሱ ነው። ድምፁ ቢደክም፣ ንግግሩ ባይሰላ፣ የዕለቱን ወንጌል በ10 ደቂቃ በአማርኛ ቢያስረዳ ይበቃል። ሌላው መልካም ቦታ ምእመናን በሰንበት የሚሰባሰቡበት ማኅበር፣ ሰንበቴ ነው፤ ጠላና ዳቦው ከመቅረቡ በፊት ሰው ተቀምጦ ይሰማል፣ ይጠይቃልም። በዐውደ ምሕረት የማይነሣ ጥያቄ እዚያ ይነሣል።

ሰበካ ጉባኤው የካህናቱን ተራ በየወሩ መጀመሪያ ጽፎ በቤተ ክርስቲያኑ በር ይለጥፍ፤ ከስብከቱም በኋላ ቢያንስ አንድ የንስሐ አባት በግቢው ይቈይ፤ «ምን እናድርግ?» የሚል ሰው በዚያው ሰዓት ሊመጣ ይችላልና።