ሳይዘንብ የረጠቡት ድንኳኖች

ታኅሣሥ ላይ ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ሰሜን ተራሮች የገባ አንድ የእንግዶች ቡድን ጨነቅ በሚባለው የካምፕ ቦታ አደረ። ቦታው ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ወር ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሲነጋ የድንኳኖቹ ጣሪያ ከውስጥ ያንጠባጥባል፤ ስሊፒንግ ባጎቹ በእግር በኩል ርሰዋል። እንግዶቹ «ድንኳኑ ያፈስሳል» አሉ፤ የካምፑ ኃላፊም አመነ።

ጉዳቱ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ ከመሬትም የሚገባ መስሎት በየድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ጓሳው ከነሥሩ ተነቀለ። በዚያ ከፍታ ሣር ቶሎ አያገግምም፤ ቦዩም ክረምት ሲገባ አፈሩን ጠርጎ የሚወስድ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው፤ እዚያ ሣር መንቀል ቀላል ነገር አይደለም። ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ አስቆመው። የተነቀለው ሣር ሥሩ ወደ ታች ሆኖ ተመለሰ፣ በእግር ተጠቀጠቀ፣ ውኃ ጠጣ።

ከበቅሎ ጫኞቹ አንዱ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነበር እኮ። ምኑ ነው ያፈሰሰው?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ጎንደር ሲመለሱ አስጎብኚ ድርጅቱ አዲስ ድንኳን ሊገዛ አሰበ። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ ግን «ከመግዛታችን በፊት ውኃ እናፍስባቸው» አሉ። ድንኳኑ ግቢ ውስጥ ተተከለ፤ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ገባ፤ ሌላው በአትክልት ማጠጫ 20 ሊትር ውኃ ቀስ እያለ አወረደበት። ድንኳን ሲያፈስስ ብዙውን ጊዜ በማዕዘን ስፌት፣ በዚፕ ጫፍና ገመድ በሚታሰርበት ቦታ ነው። ጠብታ አልገባም።

ውኃው የእንግዶቹ ትንፋሽ ነበር። ሁለት ሰዎች ተኝተው በትንፋሽና በላብ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ገደማ ያወጣሉ። ሰማዩ ሲጠራ የላዩ ሸራ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቅና በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርጥቡ ትንፋሽ ሲነካው ውኃ ይሆናል፣ በረዶ ይሠራል፣ ፀሐይ ስታርፍበት ቀልጦ ይንጠባጠባል። እንግዶቹ ብርዱን ፈርተው መተንፈሻዎቹን በሙሉ ዘግተው፣ እርጥብ ጫማና ጃኬታቸውንም አስገብተው ነበር። ድንኳኖቹ የተተከሉትም ጅረቱ አጠገብ፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል።

ማስተካከያው ሳንቲም አይጠይቅም። ድንኳኑ ከጎድጓዳው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ይተከል። አየር እንዲዘዋወር አንድ መተንፈሻ ከታች፣ አንድ ከላይ ክፍት ይደር። በላዩ ሸራና በውስጠኛው ድንኳን መካከል ቢያንስ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ከተነካኩ ውኃው ወደ ውስጥ ያልፋል። ብዙ ሠራተኛ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው፦ የናይለን ሸራ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ቀን ላይ ተወጥሮ የተተከለው ማታ ውስጠኛው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ካስማና ገመዱ እንደገና ይጥበቅ።

«ከፍቼ ልደር? በብርድ ልሞት ነው?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ክፉው ብርድ ከመሬት የሚመጣው ነው፤ ከሥሩ ሁለተኛ ፍራሽ ማንጠፍ ዚፕ ከመዝጋት ይበልጥ ያሞቃል። ለማሞቅ ብሎ የከሰል ማንደጃ ማስገባትማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ስሊፒንግ ባግ ለማድረቅም አስታ እንጨት አይነድም፤ ጠዋት ድንጋይ ላይ ተገልብጦ ቢሰጣ ፀሐዩ ይበቃዋል።

ሸራው ላይ የጋገረው በረዶ ፀሐይ ሳያርፍበት ከውጭ ተመትቶ ይራገፍ፤ ከቀለጠ በኋላ ለመጥረግ ብዙ ጨርቅ ይፈጃል። ቸኩለው እርጥቡን ጠቅልለው በቅሎ ላይ ከጫኑት፣ ጎንደር ደርሶ በዚያው ቀን መዘርጋት አለበት፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። የዚያ ድርጅት ግምጃ ቤት አሁን ከጉዞ የተመለሰ ድንኳን የሚረከበው ተዘርግቶ እንጂ ተጠቅልሎ አይደለም።