በሰው አገር ስማቸው የገነነ ወይኖች፦ ካርሜኔር፣ ማልቤክ እና ዚንፋንዴል

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወይን ጠጅ የጀመርኩት ጥናት የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ስጀምር የያዝኩት መንገድ አብዛኞቻችን የምንይዘው ነበር፤ ቦርዶና ቡርጎኝ (ፈረንሳይ)፣ ሪዮሃ (ስፔን)፣ ቶስካና (ጣሊያን) እያልኩ ካርታ መሸምደድ። ካርታው ይጠቅማል። ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ የቦታ ስም ማወቅ ግድ ነው። ግን አንዱ አገር ከሌላው ጋር አልያያዝ አለኝ። ስለዚህ አሁን አንድ የወይን ዝርያ እይዝና ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ እከተላለሁ። ነገሩ የተከፈተልኝ ያኔ ነው። ለጀማሪ ሁሉ የምመክረውም ይሄንኑ ነው።

በዚህ ዙር የተከተልኳቸው ሦስት ቀይ ዝርያዎችን ነው። ሦስቱም የተወለዱበት አገር ችላ ያላቸው ወይም ጭራሽ የረሳቸው ናቸው። ስማቸው የገነነው በሰው አገር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ነፍሳት ነው። ፊሎክሴራ ትባላለች። የክሽክሽ ዘመድ ናት፤ ቁመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። የትውልድ አገሯ ሰሜን አሜሪካ ነው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ በተጫነ የወይን ተክል ላይ ሆና ደቡብ ፈረንሳይ ገባች። ሥሩ ላይ ተጣብቃ ፈሳሹን ትመጥጣለች። ቁስሉ ይበሰብሳል፤ ተክሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል።

ገበሬውን ግራ ያጋባው ይሄ ነበር፦ የደረቀውን ተክል ነቅሎ ሥሩን ሲመረምር ምንም አያገኝም። ነፍሳቷ የሞተ ሥር ላይ ምን ትሠራለች? ወደ ጎረቤቱ ተክል ተሻግራለች። በ1868 የሞንፔሊዬው የዕፅዋት ሊቅ ጁል ኤሚል ፕላንሾን እና ባልደረቦቹ ደህና የሚመስሉትን ተክሎች ነቀሉ። ሥሩ ላይ ቢጫ ነፍሳት ተደርድረው አገኙ። ምስጢሩ የተገለጠው እዚያ ላይ ነው።

ጉዳቱን ቁጥሩ ይናገራል። ፈረንሳይ በ1875 ወደ 84.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር (አንዱ መቶ ሊትር ነው) ወይን ጠጅ አምርታ ነበር። በ1889 ያመረተችው 23.4 ሚሊዮን ብቻ ነው። መንግሥት መድኃኒት ላገኘ ሰው 300,000 ፍራንክ ሽልማት አቀረበ። ማሳውን በውኃ ያጥለቀለቁ ነበሩ። አፈሩ ውስጥ መርዛማ ኬሚካል የወጉም ነበሩ።

መፍትሔው የመጣው ችግሩ ከመጣበት አገር ነው። የአሜሪካ የዱር ወይኖች ከነፍሳቷ ጋር ለዘመናት አብረው ስለኖሩ ሥራቸው ይቋቋማታል። ስለዚህ ከታች የአሜሪካ ሥር፣ ከላይ የፈረንሳይ ቀንበጥ እያደረጉ ማዳቀል ተጀመረ። የአቮካዶ ችግኝ ሲዳቀል ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ፍሬው የላይኛው ተክል ነው፤ መከላከያው የታችኛው። ዛሬም ቢሆን አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ወይን የሚበቅለው በአሜሪካ ሥር ላይ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነጥብ ግን ከዚህ ይቀጥላል። ገበሬው ማሳውን ጠራርጎ ነቅሎ እንደ አዲስ ሲተክል የትኛውን ዝርያ እንደሚመልስ መምረጥ ነበረበት። የሚያስቸግረውን ማን ይመልሳል?

ካርሜኔር ሳይተከል የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የቦርዶ ተወላጅ ነው። ሜዶክ በሚባለው አካባቢ ትልቅ ስም ከነበራቸው ዝርያዎች አንዱ ነበር። ጠባዩ ግን ከባድ ነው። ፀደዩ ቀዝቃዛና ዝናባማ ከሆነ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ፍሬ ከያዘም በኋላ ቶሎ አይበስልም፤ ሜርሎ ከሚባለው ሌላ የቦርዶ ቀይ ዝርያ በሳምንታት ይዘገያል። ቦርዶ ደግሞ በመኸር ወቅት ዝናብ አያጣትም። ስለዚህ ከፊሎክሴራ በኋላ ካርሜኔርን መልሶ የተከለ ጥቂት ነው። ቀስ በቀስ የጠፋ ዝርያ ተደርጎ ተቆጠረ።

አልጠፋም ነበር። ነፍሳቷ ፈረንሳይ ከመግባቷ በፊት፣ በ1850ዎቹ፣ የቺሊ ባለጸጎች ከቦርዶ የወይን ቁርጥራጭ እያስመጡ ይተክሉ ነበር። ካርሜኔር ከሜርሎ ጋር ተደባልቆ አብሮ ተሻገረ። ቺሊ በሰሜን በረሃ፣ በምሥራቅ የአንዲስ ተራራ፣ በምዕራብ ውቅያኖስ አላት። ፊሎክሴራ እስከዛሬ አልገባችም። ወይኑ በገዛ ሥሩ ላይ በቅሎ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። የሚጠሩት ግን ሜርሎ እያሉ ነበር።

ኅዳር 24 ቀን 1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የተባለ ፈረንሳዊ የወይን ዝርያ ሊቅ ቺሊ፣ ማይፖ ሸለቆ ውስጥ አንድ ማሳ ይጎበኝ ነበር። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ወቅቱ የአበባ ነው። አበባዎቹን ቀረብ ብሎ ሲያይ ወንዴ ክፍሎቻቸው ጠምዘዝ ብለዋል። የሜርሎ እንዲያ አይደለም። ይሄ ሜርሎ ሳይሆን ካርሜኔር ነው አለ። አስቡት፤ አንድ አገር ሙሉ በሌላ ስም ሲተክለውና ሲሸጠው የኖረው ወይን! ቺሊ ዝርያውን በይፋ የተቀበለችው በ1998 ነው።

ይሄ ታሪክ የቅምሻ ትምህርትም አለው። የድሮው የቺሊ ሜርሎ በአንድ ነገር ይታወቅ ነበር፤ አረንጓዴ ቃሪያ ይሸታል። ምክንያቱ ፒራዚን የሚባሉት ውሁዶች ናቸው። ቃሪያ ውስጥም ያሉት እነሱው ናቸው። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ይቀንሳሉ። ካርሜኔርን ሜርሎ ነው ብለው በሜርሎ ቀን ሲለቅሙት ገና ጥሬ ነበር። ስሙ ሲታወቅ ለቀማው ዘገየ፤ ጠጁም ተለወጠ።

ራሴ ከቺሊው ኮልቻጓ ሸለቆ የመጣ ካርሜኔር ከፍቼ ሞከርኩት። ብርጭቆው ገና ወደ አፍንጫዬ ሲቀርብ አሁን የተቆረጠ ቃሪያ ሽታ ሽው ይላል። ቆየት ሲል ጥቁር ፍሬና ትንሽ ቸኮሌት ይከተላል። አፍ ላይ ለስላሳ ነው፤ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) አያጨማድድም። ቃሪያዋን ግን ወደድኳት። ሙሉ በሙሉ ያጠፏት አምራቾች ወይኑን ማንነቱን ያሳጡታል ባይ ነኝ።

ወደ ማልቤክ ልለፍ። አገሩ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ሎት ወንዝ ዳር ያለችው ካኦር ናት። ጠጁ ከመጥቆሩ የተነሳ ጥቁሩ ወይን ይሉት ነበር። ካኦር የበደል ታሪክ አላት፤ ይሄን ሳነብ በእውነት ተናድጃለሁ። ወይኗ ወደ ባሕር የሚወጣው በቦርዶ ወደብ በኩል ነው። የቦርዶ ነጋዴዎች ደግሞ የራሳቸው ምርት ቅድሚያ እንዲሸጥ ከወንዙ ላይኛ በኩል የሚመጣውን ወይን የማገድ መብት ነበራቸው። ይሄ መብት የተነሳው በ1776 ነው። ለዘመናት ጥሩ ወይን እያመረቱ በር ላይ ሲጠብቁ መኖር ማለት ነው።

ማልቤክ ቦርዶ ውስጥም ብዙ ይተከል ነበር። የካቲት 1956 የወረደው ውርጭ ፈጀው። ቦርዶ በምትኩ በብዛት ሜርሎ ተከለች። ካኦርም ውርጩ መትቷታል፤ እሷ ግን መልሳ ማልቤክን ተከለች። በ1971 በስሟ የመጠራት ሕጋዊ መብት አገኘች። በሕጉ መሠረት የካኦር ወይን ቢያንስ 70 በመቶ ማልቤክ መሆን አለበት።

አርጀንቲና ቀድማ ይዛዋለች። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ዶሚንጎ ሳርሚየንቶ የግብርና ትምህርት ቤት እንዲከፈት ገፋ። ፈረንሳዊው ሚሼል ፑዤ በ1853 ሜንዶሳ ላይ ሥራውን ጀመረ። ማልቤክ ከመጡት ቁርጥራጮች አንዱ ነበር። ሜንዶሳ ደረቅ አገር ናት። ወይኑ የሚጠጣው ከአንዲስ በረዶ የቀለጠውን ውኃ ነው። የመስኖ ቦዮቹን የጀመሩት ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የዋርፔ ሕዝቦች ናቸው። ስመ ጥር የማልቤክ ማሳዎቹ ብዙዎቹ 900 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ዑኮ ሸለቆ ደግሞ ብዙ ቦታ ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ቀን ፀሐዩ ያበስላል፣ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል። ለደጋ ሰው ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም።

የሁለቱን አገር ማልቤክ ጎን ለጎን መቅመስ ካሰባችሁ አድርጉት። የካኦሩ ጠንከር፣ ደረቅ ይላል፤ ታኒኑ ይይዛል። የሜንዶሳው የበሰለ ፕሪም ነው፤ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ አፍ ይሞላል። ለዝልዝል ጥብስ የምመርጠው የሜንዶሳውን ነው። አዋዜ ካለበት ግን ጠንቀቅ በሉ፤ በርበሬ አልኮሉን ያጋግለዋል።

ዚንፋንዴልን በአጭሩ። ካሊፎርኒያ ከወርቅ ፍለጋው ዘመን ጀምሮ ተክላው እንደ ራሷ ልጅ ታየው ነበር። ጣሊያን ፑሊያ ውስጥ ፕሪሚቲቮ ከሚባለው ጋር አንድ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ወላጅ አገሩ ግን አልተገኘም። ክሮኤሺያ ተወልዶ ካሊፎርኒያ፣ ናፓ ውስጥ ወይን ያመርት የነበረው ማይክ ግርጊች ዚንፋንዴል የልጅነት አገሬን ቀይ ወይን፣ ፕላቫጽ ማሊን፣ ይመስላል ይል ነበር። በ1976ቱ የፓሪስ ቅምሻ የፈረንሳይን ነጭ ወይኖች ያሸነፈውን ሻርዶኔ የጠመቀው እሱ ነው፤ ቃሉ ክብደት ነበረው።

የካሊፎርኒያው የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካሮል ሜሬዲዝ ከዛግሬብ ሊቃውንት ኢቫን ፔይችና ኤዲ ማሌቲች ጋር በዲኤንኤ መረመሩት። ፕላቫጽ ማሊ ራሱ ዚንፋንዴል ሳይሆን የዚንፋንዴል ልጅ ሆኖ ተገኘ። ፍለጋው ቀጠለ። በ2001 ስፕሊት ከተማ አጠገብ፣ ካሽቴል ኖቪ በምትባል ቦታ፣ አንድ ያረጀ ማሳ ውስጥ ጥቂት ግንዶች ተገኙ። የአካባቢው ሰው ጽርልየናክ ካሽቴላንስኪ ይለዋል። ያው ዚንፋንዴል ነው። ካሊፎርኒያ በሺህ ሄክታር የምትተክለው ዝርያ በእናት አገሩ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ክሮኤሺያውያን እንደገና እየተከሉት ነው።

ይሄ የዲኤንኤ ምርመራ ዝምድናውንም ፈታልኝ። ካርሜኔር፣ ሜርሎ እና ካበርኔ ሶቪኞን ሦስቱም የካበርኔ ፍራን ልጆች ናቸው። የሜርሎ እናት ማግደለን ኑዋር ዴ ሻራንት የምትባል ስሟ እንኳ የተረሳ ዝርያ ናት። ቶሎ ስለምትደርስ በሐምሌ በሚከበረው የቅድስት መግደላዊት ማርያም በዓል ተሰየመች። ከማልቤክ ወላጆችም አንዷ እሷ ናት። ማንነቷን ካረጋገጡት መካከል ያው ቡርሲኮ አለበት።

እንግዲህ ዝዋይ ላይ የካስቴል እርሻ ሜርሎ ይተክላል። ከ2014 ጀምሮ ጠጁ ገበያ ላይ አለ። ማሳው ሐይቁ አጠገብ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ያንን ሜርሎ ስትጠጡ የካርሜኔርንም የማልቤክንም ግማሽ ወንድም ነው የምትጠጡት። እኔ ከቺሊው ጎን አስቀምጬ ቀመስኩት፤ የቤተሰብ መልክ አለው። የዝዋዩ ቀለል ይላል፤ ቀይ ፍሬው ይጎላል። እንደ አውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛ የብርድ ወቅት በሌለበት ቦታ ወይኑን ማሳረፍ ቀላል ሥራ አይደለም፤ በመግረዝና ውኃ በመቆጣጠር ነው የሚሆነው። ስለዚህ በአክብሮት ነው የቀመስኩት።

ቀጣዩ አባትየው ነው፤ ካበርኔ ፍራን። የዘር ጥናቱ ወደ ባስክ ምድር ይጠቁማል። ብቻውን ሲጠመቅ ግን ስሙ የሚጠራው በፈረንሳይ ሎዋር ሸለቆ፣ በተለይ በሺኖን ነው። እሱም ቃሪያ ይሸታል ይባላል፤ ከካርሜኔር ጋር ጎን ለጎን ልይዘው ነው። ከእናንተ ሺኖን የቀመሰ ካለ፣ ከየትኛው ምግባችን ጋር እንደሄደለት ይንገረኝ።