«ሲስተር፣ አትፈሪም?»

የት እንደምሠራ ስናገር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የታክሲ ረዳት ሳይቀር። አዲስ አበባ ላይ «አማኑኤል» የሆስፒታል ስም ብቻ አይደለም፣ መሳደቢያም ነው። እኔ የምሠራው ሌላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ ስድቡ ግን እኛም ጋ ይደርሳል። እናቴ ለጎረቤት «ነርስ ናት» ብላ ትተወዋለች። የምን ነርስ እንደሆንኩ አትጨምርም።

እፈራለሁ እንጂ። በተለይ የመጀመሪያው ዓመት ላይ። ማታ 30 ታካሚ ለሁለት ነርስ ይተዋል፤ ጥበቃው ከበሩ ውጭ ነው። አንድ ምሽት መድኃኒት ሳድል አንድ ወጣት በጥፊ አጮለኝ። መነጽሬ ተሰበረ። ጠዋት ርክክብ ላይ ኃላፊያችን «ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ። ጥፊውን ረሳሁት፤ ያ ጥያቄ ግን ሳምንቱን ሙሉ አስለቀሰኝ። የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ።

ደብተር የያዝኩትም ለማመልከቻው ማስረጃ እንዲሆነኝ ብዬ ነው። ግርግር በተነሳ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን እየተደረገ እንደነበር እጽፋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሳገላብጠው ያ የምፈራው ሌሊት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጠቡ ሁሉ የተነሳው ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው። ተረኛ ሲቀያየር፣ እራት ሲታደል፣ መድኃኒት በሰልፍ ሲሰጥ፤ ሁሉም በአንድ ጠባብ ኮሪደር። እኔስ ባንክ ቤት ተሰልፌ ሰው ቢገፋኝ እቆጣ የለ?

ሰልፉን ተውነው። ከባልደረባዬ ጋር ጋሪውን እየገፋን ከአልጋ አልጋ መዞር ጀመርን። 20 ደቂቃ ይጨምራል፤ ኃላፊዋም መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። ጠቡ ግን ቀነሰ።

ደብተሩ ያወጣው ሌላው ነገር ግን አሳፈረኝ። አንድ ስም ይደጋገማል፦ «እረፍት አጣ፣ ተመላለሰ፣ መርፌ ተሰጠ»። ያ የመታኝ ልጅ ነው። እራት እንኳ ቁጭ ብሎ አይበላም፤ ቆሞም እግሩን ያፈራርቃል። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንወጋዋለን፣ ይብስበታል፣ እንደገና እንወጋዋለን። ይህ ነገር አካቲዥያ ይባላል። መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው፣ ሰውን ከውስጥ አላስቀምጥ የሚል ስሜት ነው። ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ! ግን አንድን ሰው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ የሚያይ ነርስ በሌለበት ክፍል ሁሉም ነገር «በሽታው ተነሳበት» ይመስላል።

ደብተሩን ለሐኪሙ አሳየሁት። የሃሎፔሪዶሉን መጠን ቀንሶ፣ ይህን እረፍት ማጣት የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ጨመረለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ቁጭ ብሎ ሽሮውን ሲበላ አገኘሁት።

«እግሬ ውስጥ ጉንዳን ነበር፣ ሲስተር። ነግሬሽ ነበር እኮ» አለኝ።

ነግሮኝ ነበር። ቻርቱን ስገልጥ «እግሬ ውስጥ ጉንዳን አለ ይላል» የሚል አለ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ። ቅዠት ብዬ ነው የመዘገብኩት።

ከዚያ ወዲህ የለመድኳቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ። መታወቂያዬን በአንገቴ አላንጠለጥልም፣ ጉትቻ አላደርግም። በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ የታካሚውን መውጫ ግን አልዘጋም። እሱ ሲጮህ እኔ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ታላላቆቼን «አንቱ» እላለሁ። ተኝተው የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር «አንተ» ካላቸው ተለማማጅ እጅ መድኃኒት አይቀበሉም ነበር፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ ነርስ ሲመታ ደግሞ ቻርቱን ከመክፈታችን በፊት ሻይ እናጠጣዋለን። «ምን ብለኸው ነው?» ብሎ የሚጀምር የለም።

ማመልከቻው ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ አለ፤ አላስገባሁትም፣ አልቀደድኩትምም። ማታ አሁንም ሁለት ነን። ጥበቃውም ከበሩ ውጭ ነው።