ለውዙን አስቀርቼ ግብጦውን አቀረብኩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሰው ምግብ ለምታቀርቡ ሁሉ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ለሦስት ቀን ሥልጠና የመጡ ሰዎች እኛ ጋ አርፈዋል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። «እትዬ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት። ለውዝ አይስማማኝም። ትንሽ እንኳን ከቀመስኩ ከንፈሬ ያብጣል» አለችኝ። «አታስቢ ልጄ» አልኳት።

ቃሌንም ጠበቅሁ። በጾም የለውዝ ሻይ እናቀርባለን፤ እሱን አስቀረሁት። የለውዝ ቅቤውን ከቁርስ ጠረጴዛ አነሳሁ። ቆሎአችን ለውዝ ስላለበት ሌላ ገብስና ሽምብራ አስቆላሁ፤ ምጣዱንም ራሴ አጠብኩት። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? አልኩ በልቤ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ቡና ተፈላ። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ይታወቃል፤ ሁሉም ከሰሉን ከቦ ተቀምጧል። ከሠራተኞቻችን አንዷ ዳንግላ ቤተሰቦቿን ጠይቃ ስትመለስ ግብጦ ይዛልን መጥታ ነበር። ተቆልቶ፣ ውሃው እየተቀየረ ለቀናት ተዘፍዝፎ፣ መራራው ወጥቶለታል። ጨው ነስንሼ፣ እንግዶቹ ይቅመሱት ብዬ በሰሃን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷም ቅርፊቱን በጥርሷ እየላጠች አምስት ስድስት ፍሬ በላች።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ከንፈሯን ማሸት ጀመረች። አንገቷ ላይ ትንኝ የነከሳት ይመስል ቀያይ እብጠት ወጣ። «ጉሮሮዬን…» ስትል ድምጿ ሻክሯል። አንዱ ሎሚ አሽትቷት ይላል፣ ሌላው ወተት ስጧት ይላል። በዚህ መሀል ደቂቃዎች ባከኑ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸ ነው። ወዲያው ይዘናት መውጣት ነበረብን። በመጨረሻ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጓት። ትንፋሿ ሲመለስ እኔም አብሬ ተነፈስኩ።

«ለውዝ እኮ አልሰጠኋትም!» አልኩት ሐኪሙን። ምን እንደበላች ጠየቀኝ። ግብጦ ስለው ገባው።

ለካ ያሳሳተኝ ስሙ ነው። የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ የዛፍ ፍሬ ነው። እኛ ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ የምንለው ግን ፍሬውን አፈር ውስጥ ይደብቀው እንጂ ጥራጥሬ ነው፤ የባቄላና የአተር ዘመድ። ግብጦም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ፕሮቲኖቻቸው ስለሚመሳሰሉ፣ ለውዝ የሚያስቆጣው ሰውነት ግብጦ ሲገባም ያው ጠላቱ የመጣ ይመስለዋል። መዘፍዘፉ ደግሞ መራራውን ነው የሚያወጣው። ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል።

«ታዲያ ሽሮ ስትበላ ምንም አልሆነችም እኮ?» አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው አለኝ። ዝምድና ብቻውን አይበቃም። ለውዝ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች ባቄላውንም፣ አተሩንም፣ ምስሩንም በሰላም ይበላሉ። ከዘመዶቹ መካከል ይበልጥ የሚፈራው ግብጦ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማሸጊያ ላይ የግድ ተለይተው መጻፍ ካለባቸው 14 የአለርጂ ምግቦች አንዱ እንደሆነም ነገረኝ፤ እዚያ ዱቄቱ ዳቦ ውስጥ ይገባል። አብሽም ከለውዝ አለርጂ ጋር የሚያያዝበት ጊዜ አለ። ከዛፍ ፍሬዎቹ ደግሞ ካሹና ፒስታቺዮ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላውም አይስማማውም።

እንዲህ ሲባል ደንግጦ ጥራጥሬውን በሙሉ መከልከልም ልክ አይደለም። በጾም ሽሮና ምስር የተከለከለ ሰው ምን ሊበላ ነው? የቱ ይስማማል፣ የቱ አይስማማም የሚለውን ሐኪም መርምሮ ይለየው። የእኛ ሥራ ሳህኑ ላይ ያለውን ሳንደብቅ መናገር ነው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ አጠያየቄ ተቀየረ። «ምን አይስማማህም?» ብዬ አላበቃም። ሲበላው ምን እንደሚሆን፣ የሚወጋው መድኃኒት ይዞ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ግብጦ በራሱ ቆርቆሮ፣ በራሱ ጭልፋ ይቀመጣል፤ ስሙም በትልቁ ተጽፎበታል። ለቡና የሚቀርብ ሰሃን ሁሉ ምን እንዳለበት ሳይነገር አይዞርም። ሠራተኞቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን እነሱ ናቸው እኔን የሚያስታውሱኝ።

በዓመቱ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ቂም ትይዝብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አቅፋ ሳመችኝ፤ ቀጥላም «እትዬ፣ ሽሮው ላይ አብሽ አለበት?» አለችኝ። የሽሮውን ማሰሮ አወረድኩና እህሉንም ቅመሙንም አንድ በአንድ ቆጠርኩላት።