ሙጫ ያልኩት ጎደሬ

ሃዋይ ውስጥ ኦዋሁ ደሴት ላይ የቱሪስት አውቶቡስ እየነዳሁ አስጎበኝ በነበረበት ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ነገሩ አንድ ቀልድ ነው።

መንገዱ ሁሌም ያው ነው። ጠዋት ከዋይኪኪ እንነሳና የባሕሩን ዳር ይዘን ሃሎና እንቆማለን። ማዕበሉ ከሥር ይገባና በዓለቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይተፋል። ሰው ይጮኻል፣ ፎቶ ያነሳል። ቀጥሎ ማካፑኡ፣ ከዚያ የፓሊ ገደል። እዚያ ነፋሱ ኮፍያ ይነጥቃል። በ1795 የንጉሥ ካሜሃሜሃ ጦር የኦዋሁን ተከላካዮች እስከ ገደሉ አፋፍ የገፋው በዚህ ቦታ ነው። ከሰዓት ወደ ሰሜኑ ዳርቻ፣ ኤሊዎቹ ጋ። «ሦስት ሜትር ራቁ!» ስል ድምፄ ይዘጋል። ማታ ሉአው ነው፣ የደሴቲቱ ባህላዊ ግብዣ።

ቀልዱ የሚነገረው ለመድረስ አሥር ደቂቃ ሲቀረን ነው። አለቃዬ በሰጠኝ ጽሑፍ ውስጥ አለ። «ገበታው ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነገር ታያላችሁ። ፖይ ይባላል። ቤታችሁ የሚለጠፍ የግድግዳ ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥሩ ሙጫ ነው።» ሰው ይስቃል። የሳቀ ሰው ደግሞ ጉርሻ ይሰጣል። ስምንት ወር ሙሉ በማይክ ተናግሬዋለሁ።

ፖይን ግን አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። የሉአው ዋናው ምግብ አሳማ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ አሳማው በሙዝና «ቲ» በሚባል ተክል ቅጠል ተሸፍኖ አፈር ይመለስበትና ለሰዓታት ይበስላል። እኔ አሳማ ስለማልበላ እንግዶቹ ሲመገቡ አውቶቡስ ውስጥ እቆይ ነበር።

አንድ ማታ ውሃ ልቀዳ ገባሁ። ከእኔ እንግዶች አንዱ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ሹፌራችን ሙጫ ነው ብሎናል» አለ። ገበታው በሙሉ ሳቀ። ፖዩን ያቀረቡት እናት አጠገቡ ቆመው ነበር። እዚያ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ «አንቲ» ነው የሚባለው፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምጠራቸው። ዞር ብለው አዩኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። «ና ልጄ» ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ጠረጴዛው ላይ ያልተላጠ ሥር ተደርድሯል። ቡናማ ነው፣ ጸጉራም፣ ዙሪያውን መስመር መስመር ያለው። ክው አልኩ። ጎደሬ! ያደግኩት ወላይታ ነው።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አልኳቸው። «አያቴ ጓሮ ሞልቶ ነበር።»

«በደንብ ያልበሰለውን ቀምሰኸዋል?»

«ጉሮሮ ያሳክካል።»

ሳቁ። «እውነትም ታውቀዋለህ።»

አያቴ እንዴት እንደምትሠራው ጠየቁኝ። ቀቅላ፣ ልጣ፣ በዳጣ እንደምታቀርብልን ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ነገሩኝ። እነሱ ካሎ ይሉታል። ቀቅለው በድንጋይ ሲወቅጡት ነው ፖይ የሚሆነው። በእነሱ ትውፊት የሰማይ አባት የሚባለው የዋኬአ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ተወለደ። ከተቀበረበት ካሎ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ የሕዝቡ ሁሉ አባት ሆነ። ስለዚህ ካሎ ታላቅ ወንድማቸው ነው። የፖይ ሳህን ተከፍቶ ጠብና ክፉ ቃል አይነሳም።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተም ከእሱ በልተህ ነው ያደግከው። ታዲያ ወንድምህን ነው ሙጫ የምትለው?» አሉኝ።

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። መልስ አጣሁ። እጄ ላይ የያዝኩት ጎደሬ አያቴ ፊት የቆምኩ ያህል አሳፈረኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንሽ ሳህን ከፍተው «በጣትህ» አሉኝ። ውፍረቱም በጣት ነው የሚለካው፤ ባለ አንድ ጣት፣ ባለ ሁለት ጣት፣ ባለ ሦስት ጣት ይሉታል። ቀጠን ሲል ብዙ ጣት ይፈልጋል። ጨው ካለው ሳልሞን ጋር ቀመስኩት። ቀናት የቆየ ስለነበር ኮምጠጥ ብሏል፣ ልክ እንደ እርሾ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ፖይ ብቻውን አይበላም። እንጀራን ያለ ወጥ ቀምሶ ፊቱን ያጨማደደ ሰው እንጀራን አውቀዋለሁ ማለት ይችላል? እንግዶቻችን ግን በእኛ ቀልድ ምክንያት ባዶውን በማንኪያ ጫፍ እየነኩ ይገፉት ነበር።

በማግስቱ ቀልዱን ተውኩት። በምትኩ የታላቅ ወንድሙን ታሪክ ነገርኳቸው፤ «ከሥጋው ወይም ከዓሣው ጋር ብሉት» አልኳቸው። ሁሉም አልወደደውም፤ ግን ብዙ ሳህን ባዶውን ተመለሰ። ጉርሻዬም ቀነሰ።

አለቃዬ ጠራኝ። «እንግዳ የሚከፍለን ለመሳቅ ነው። ጽሑፉን አንብብ» አለኝ። ከዚያች መስመር በቀር ሁሉንም አነባለሁ አልኩት። አላባረረኝም። ጥሩ ጉርሻ የሚገኝበትን የቅዳሜውን ጉዞ ግን ለሌላ ሹፌር ሰጠው። ያ ሹፌር ቀልዱን በደንብ ይናገረዋል።

የቅዳሜው ጉዞ አይቆጨኝም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁ። 25 ወንበር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 8 ወር። አውቶቡሱ ሁሌ ባይሞላም ከ3,000 ሰው አያንስም። ያ ሁሉ ሰው ፖይ ሙጫ ነው የሚለውን ከእኔ አፍ ሰምቶ አገሩ ገብቷል። አንዳቸውንም መልሼ አላገኛቸውም።