ለምን ዛሬ?

ሰሞኑን ልቤ ከብዷል። ክረምቱ ነው እላለሁ፤ ግን ክረምቱ ብቻ አይመስለኝም። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ባልኩበት አንዲት ጓደኛዬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ከአንድ ኃላፊ ስም ጎን ትልቅ ገንዘብ ተጽፎበታል። ሾልኮ የወጣ ነው። «ጉዱን አየሽው?» ትላለች።

አየሁት። ገንዘቡን ግን ቶሎ አለፍኩት። ዓይኔ የሄደው ወደ ቀኑ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወደ ታች ስወርድ «ግልባጭ» የሚለው ቃል አለ፤ ከሥሩ መኖር የነበረባቸው ስሞች ግን ከፎቶው ተቆርጠዋል።

ይህን አመል ያስያዘኝ አባዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ደብዳቤ በራሱ እግር አይሄድም ይል ነበር። ገቢ ይሆናል፣ ይመራል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እንዲወጣ አንድ ሰው ማውጣት አለበት። ይሄኛውን ያወጣው ሰው ደግሞ በተጻፈ ሰሞን አላወጣውም። ሁለት ዓመት አስቀምጦታል። ምን እየጠበቀ ነበር?

እንዲህ ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ 1993 ነው። ከኤርትራው ጦርነት ማግስት፣ መጋቢት ላይ የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጠቡ የፖለቲካ ጠብ ነበር። ጦርነቱ ለምን እዚያ ላይ ቆመ፣ ጦርነቱን የዘጋው የአልጀርሱ ስምምነት ምን አሳጣን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ ለኤርትራ ለዘብ ብለዋል አላሉም የሚል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጠቡ ሌላ ስም ወጣለት። ሙስና ተባለ። ግንቦት ላይ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ታሰሩ።

የዚያን ጊዜዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው። አቶ ስዬ ግን ቤታቸው አልደረሱም፤ እዚያው እንደወጡ መልሰው ያዟቸው። ከዚያ ፓርላማው በጥድፊያ ሕግ አወጣ። በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት የለውም አለ። አንድ ዳኛ «ልቀቁት» ስላለች አገር ሕጓን ቀየረች። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ ታስረው በ1999 ወጡ።

ሰርቀዋል አልሰረቁም የሚለውን እዚህ ማንሳት አልፈልግም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የተከሰሱበት ነገር መጋቢት ላይ የተፈጠረ አልነበረም። ታዲያ ከመጋቢት በፊት ፋይሉ የት ነበር? አብረው ሲመክሩ፣ አብረው ድምፅ ሲሰጡ ያ ሁሉ ለምን አልታየም?

ያ ሕግ ደግሞ እሳቸው ላይ አላበቃም። በአንድ ሰው ምክንያት ወጣ፣ ከዚያ የሁሉም ሆነ። እታለም የምትባል የማውቃት ሴት አለች፤ ባሏን ላንሳ። ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠራው። ቆጠራ ላይ ጎደለ ተባለና እስር ቤት ገባ። ዋስትና የለም። ሙስና ነዋ። እታለም ልጅ አዝላ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመላለስ ነበር። ዓመት አልፎት ነፃ ነህ ተብሎ ወጣ። ሥራው ግን ሄዷል፤ ጤናውም አብሮ። እሱ አቶ ስዬን አያውቃቸውም፣ ስለ አልጀርስም ግድ አልነበረውም። ትልልቆቹ ሲጣሉ ለተጣሉበት ቀን የተሠራ ነገር እሱ ላይ ወደቀ። ሕጉ ኋላ ላይ ተሻሽሏል። ለሱ ግን አልደረሰለትም። ይህን በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው እል ነበር። ከዚያ በፊት አቶ ታምራት ላይኔ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው በጥቅምት 1989 ከሥልጣን ተነሡ፣ በ1992 በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ኃላፊ የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ አሉ። አቶ መለስ ከሞቱ ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት 2005 ታሰሩ። አምስት ዓመት በክርክር ቆዩ። 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተለወጡና ክሳቸው ተቋረጠ። ክሱ እውነት ከነበረ ለምን ተቋረጠ? ውሸት ከነበረስ አምስቱን ዓመት ማን ይመልሳል? መልስ የሰጠ ሰው አልሰማሁም።

ኅዳር 2011ን ደግሞ ሁላችንም አየነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መግለጫ ሰጡ፤ የስኳር ፋብሪካና የህዳሴ ግድብ ሥራ ተሰጥቶት የነበረው የመከላከያው ኮርፖሬሽን ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ተባለ። በማግስቱ የሜቴክ ኃላፊ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ በቴሌቪዥን ታየ። እኔ ካፌ ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሰዉን አልፈርድበትም፤ የስኳር ፋብሪካው ገንዘብ፣ የግድቡ ገንዘብ የሱ ነው፤ ከደመወዙ ቦንድ ገዝቷል። ግን ካሜራው እዚያ ማን ጠርቶት ደረሰ? ከዚያ ዘጋቢ ፊልሞቹ ተከተሉ። ክስ ሳይሰማ፣ ምስክር ሳይቀርብ፣ ማታ ማታ ሳሎናችን ውስጥ ፍርድ ተሰጠ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ከምርመራ መዝገብ ወጥቶ ስክሪን ላይ የታየው ነገርም ሾልኮ የወጣ ነው፤ ልዩነቱ ያሾለከው ራሱ ባለቤቱ መሆኑ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ያደገ ሹም ይበላል። አለቃው ያውቃል። አይከለክለውም፤ ይመዘግብለታል። የበላ ሰው ፋይል አለው፣ ፋይል ያለው ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው አለቃው ሲያወጣ ነው። እንዲህ ሲሆን ሙስናው የሥርዓቱ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ገመዱ ይሆናል። ገመዱ የሚጎተተው ሰውዬው ብዙ ሲሰርቅ አይደለም። አልታዘዝም ሲል ነው።

ታዲያ ደብዳቤውን ልጣለው? እዚህ ጋ ነው የምቸገረው። ምክንያቱም በፊት ለፊት በር ምንም አይወጣልኝም። መረጃ የማግኘት መብት በ2000 በአዋጅ ተሰጥቶኛል። የባለሥልጣናት ሀብት እንዲመዘገብም በ2002 አዋጅ ወጥቷል። የአንድም ሚኒስትር ቤትና መሬት ዝርዝር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አገሬ ውስጥ ገንዘቤ የት እንደሄደ የምሰማው ሁለት ሹማምንት ሲጣሉ ብቻ ነው። ካልተጣሉ ምንም አልሰማም። ስለዚህ ያ ደብዳቤ በቂም በቀል ቢወጣም፣ ለሹመት ቢወጣም፣ ውስጡ ያለው ገንዘብ የእናቶቻችን ግብር ነው። እውነት ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ግን ግማሹን ብቻ ማወቅ አልፈልግም። ከተቆረጠው ግልባጭ ሥር ያሉትንም እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤው ደርሷቸው፣ አንብበው፣ ፈርመው ዝም ያሉትን። የወደቀውን ሰው ስም ሁላችንም ይዘነዋል። የእነሱ ስም ግን እስከ አሁን ቢሮ ውስጥ ነው፤ ምናልባት ዛሬ መግለጫ ሰጥተዋል፣ ምናልባት ስለ ሙስና ሥልጠና ከፍተዋል። የእነሱም ፋይል የሆነ መሳቢያ ውስጥ እየወፈረ እንደሆነ አልጠራጠርም። እስኪከፈት የሚጠበቀው ምን እስኪያደርጉ ነው? እስኪሰርቁ ነው፣ ወይስ አንድ ቀን «አይሆንም» እስኪሉ?